የችኮላው ፍርፍር

እናቴ ወደ ዘንገና ስትሄድ «ለጥቂት ቀን ነው» ብላኝ ነበር። አያቴ ታመው አስታማሚ አጥተው ነው። ወንድሟ ወደ እንጅባራ የሚሄድ የጭነት መኪና አግኝቶላት በር ላይ ቆሞ «ኧረ ቶሎ በይ፣ ሰውየው ጥሎን ሊሄድ ነው» እያለ ያጣድፋታል። እሷ እኔን ማጀት ይዛኝ ገባችና በርበሬው የት እንደተቀመጠ፣ ሽሮው በየትኛው ቅል እንዳለ፣ ድርቆሹ በየትኛው ስልቻ እንደተቋጠረ አሳየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን እያጣፋች፣

«ሲጨንቅሽ ያችን የችኮላዋን ሥሪላቸው። እሷ ሁሉንም ታጠግባለች» አለችኝና ወጣች።

«የችኮላዋ» የምንላት እናቴ ከገበያ ወይም ከለቅሶ ቤት ስታመሽ በአንድ ድስት የምታደርሳት ፍርፍር ናት። ሽንኩርቱን በኑግ ዘይት ታቁላላለች፤ በርበሬ ትጨምራለች፤ ከአገሯ የሚላክላትን ድንች ደቀቅ አድርጋ ትከትፍበታለች። ውሃ ጠብ ታደርግና ድንቹ ሲበስል ሽሮ በእፍኟ ትነሰንስበታለች። በመጨረሻ ድርቆሹን እዚያው ድስት ውስጥ ፈርፍራ ክድን። አለቀ። ሌላ ወጥ የለ፣ የሚታጠብ ሌላ ዕቃ የለ። ብርዱ ከሰቀላ ተራራ ወርዶ ዳንግላን በሚያንዘፈዝፋት የዝናብ ምሽት ያችን ድስት ከበን ስንበላ፣ ሆዳችን ብቻ ሳይሆን እግራችንም የሚሞቅ ይመስለን ነበር። አባቴ ጫማውን አውልቆ እግሩን ታጥቦ እስኪጨርስ ትደርሳለች። ስለዚህ እኔም ቀላል ነገር ትመስለኝ ነበር።

በእኔ እጅ ግን ያች ፍርፍር ቸኩላ አታውቅም።

እኛ የምንኖረው ዳንግላ ከገበያው ጀርባ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ከዋናው መንገድ ዳር በአንድ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ የእግር መኪናውን ዘርግቶ ከጠዋት እስከ ማታ ይረግጣል። በዓል ሲቃረብማ ቤት የሚመጣው ለእንቅልፍ ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከእኔ ሁለት ዓመት ይበልጣል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ቄስ ትምህርት ቤት ቆይቶ ስለመጣ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነበርን። ያን ዓመት ሁለታችንም ስምንተኛ ክፍል ነን፤ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ የሚባለውን ፈተና እንወስዳለን። በክፍላችን ያለነው ሴቶች በጣት የምንቆጠር ነበርን። ከእኛ በታች ገና አራት ዓመት ያልሞላት ታናሽ እህታችን አለች፤ እሷ እናቴ ከሄደች ጀምሮ ቀሚሴን ለቃ አታውቅም።

እናቴ የሄደች ሰሞን አባቴ ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ ልኮ ታላቅ እህቱን አስመጣ። «አክስታችሁ ቤቱን ትይዛለች፣ አንቺም ትምህርትሽን ትማሪያለሽ» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አክስቴ መጡ። መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ትልቅ ጋቢ ለብሰው፣ ምድጃው የሚሞቅበትን ጥግ መርጠው ተቀመጡ። እጃቸውን ቁርጥማት ይዞታል፤ ውሃ መንካት አይችሉም፣ ቢላ መጨበጥ አይችሉም፣ እሳት ላይ ማጎንበስ አይችሉም። መናገር ግን ይችላሉ።

«ሽንኩርቱ ጠቆረ።»

«እሳቱን አታብዢው።»

«ኧረ እሳቱ ሊጠፋ ነው፣ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እናትሽ እንዲህ ነው ያስተማረችሽ? የአገው ወጥ እንደሆነ እንዲህ ነው» ይላሉ። የእናቴ ቤተሰቦች አገውኛ ተናጋሪዎች መሆናቸውን አክስቴ ወንድማቸው ካገባት ቀን ጀምሮ ይቅር ያሏት አይመስለኝም።

እንጀራውን ጎረቤታችን ትጋግርልናለች፤ አባቴ በምትኩ የልጆቿን ልብስ ይሰፋላታል። ወጡና የቀረው ሁሉ ግን የእኔ ነው። ከትምህርት ቤት እመለሳለሁ፤ ደብተሬን ሳላስቀምጥ ውሃ እቀዳለሁ፤ እንጨት እፈልጣለሁ፤ እህቴን አጥባለሁ። ወንድሜ ከእኔ ጋር በአንድ መንገድ መጥቶ፣ በአንድ በር ገብቶ፣ መደብ ላይ ተቀምጦ መጽሐፉን ይገልጣል። ሲመሽ በቤታችን ያለችው አንዲት ፋኖስ ከእሱ ራስ በላይ ካለው ምሰሶ ላይ ትሰቀላለች። «እሱ ያነብባል» ይባላል። እኔ የምሠራው በእሳቱ ብርሃን ነው። እራት ተበልቶ፣ ዕቃ ታጥቦ፣ እህቴ ከተኛች በኋላ ደብተሬን ስከፍት አባቴ «ላምባው እንዳያልቅ፣ በቃ አጥፉት» ይላል።

ማታ ማታ ምን ላብስል እያልኩ እጨነቅና ዞሬ ዞሬ ያችኑ የችኮላዋን እሠራለሁ። አንድ ቀን ድንቹ ጥሬ ይሆናል፤ አንድ ቀን ሽሮው እንደ ጠጠር ይጓጉላል፤ አንድ ቀን ድርቆሹ ውሃውን ሁሉ ይጠጣና ድስቱ ታች ያርራል። በመጀመሪያው ሳምንት የጋለው የሸክላ ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ገልብጬ ሰነጠቅሁት። የቀረን አንድ የብረት ድስት ብቻ ሆነ። የሚገርመው፣ ወንድሜ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ይነሳለታል፤ ሁለት ጊዜ በልቶ ሲያበቃ ግን «የእማዬ አይደለም» ይላል። እህቴ ታለቅሳለች። አባቴ ምንም አይልም። እሱ ምንም አለማለቱ ከሁሉም ይብስብኝ ነበር። እጄ አመድ አፋሽ ሆነ።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ ጠና። ፈተናው ተጀመረ። ያ የምነግራችሁ ምሽት ረቡዕ ነው፤ በማግስቱ ሒሳብ ነው። ሒሳብ እኔን የሚከብደኝ፣ ማታ ላነበው ቀኑን ሙሉ ሳስበው የዋልኩት ትምህርት ነበር። በመንገድ ላይ ወንድሜን፣

«ዛሬ እራቱን ቶሎ አድርሼ አብረን እናጠናለን፤ ያችን የክፍልፋዮችን ነገር ታሳየኛለህ» አልኩት።

«ቶሎ ከደረሰ» አለኝ።

ቤት ስገባ በቀጥታ ወደ ማጀት ሄድኩ። ድስቱ የለም።

«አክስቴ፣ ድስቱስ?»

«ጎረቤትሽ ቅቤ ላንጥርበት ብላ ወስዳዋለች። አሁን ትመልሰዋለች።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው እኮ!»

«ለነገ ነው የምታነጥረው። ምን አስጮኸሽ?»

ዝናቡ ይወርዳል። ነጠላዬን ተከናንቤ ሮጥኩና ከጎረቤት ድስቱን ተቀብዬ መጣሁ። አክስቴ ከተቀመጡበት ሆነው «እስቲ አምጪው» አሉና አፍንጫቸውን አስጠጉ።

«ወይ ጉድ! ይኼ ለጾም ይሆናል? ቅቤ ቅቤ ይላል። በአመድ እጠቢው። አንዴ አይበቃውም፣ ደጋግመሽ እጠቢው።»

ያዋሱት እሳቸው ናቸው። በአመድ ፈተግሁት፤ በሙቅ ውሃ ለማለቅለቅ ደግሞ እሳት ያስፈልጋል፤ እሳት ለማንደድ ደረቅ እንጨት ያስፈልጋል። እንጨቱ ከቤቱ ጀርባ ካለው ዳስ ሥር ሆኖ ጣሪያው ሲያፈስበት ውሏል። ጠዋት ወንድሜን ወደ ውስጥ አስገባው ብዬው ነበር፤ «እሺ» ብሎኝ ነበር።

እንጨቱን ጉልቻው መሀል ደርድሬ እፍ አልኩ። ጢሱ ተመልሶ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጭራሮ ፈለግሁ፤ ጭራሮውም ረጥቧል። ከጣሪያው ሥር የተሰካ የደረቀ ሰንበሌጥ መዝዤ ለኮስኩበት፤ ቦግ ይልና ይጠፋል። አክስቴ ከወዲያ ማዶ ይስላሉ። «በጢስ ልትፈጅን ነው» ይላሉ። እህቴ ቀሚሴን ይዛ «እንጀራ» ትላለች። እፍ እያልኩ ራሴ ዞረብኝ፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ክፍልፋዮቹ ከነመስመራቸው ይሽከረከራሉ።

«እራት አልደረሰም እንዴ?» አለ ወንድሜ ከመደቡ ላይ።

«ና እሳቱን እፍ በልልኝ፤ እኔ ድንቹን ልላጥ።»

«ነገ ሒሳብ ነው እኮ።»

«ለእኔስ ነገ ምንድን ነው?»

ወደ መጽሐፉ ጎንበስ አለ። መልሱን የሰጡት አክስቴ ናቸው።

«ወንድ ልጅ ማጀት ይግባልሽ? ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት ነው ልጄ። ተይው ያንብብበት።»

እሳቱ እንደምንም ተያያዘ። ድስቱን አለቅልቄ ጣድኩ። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ድንቹን በጨለማ መላጥ ጀመርኩ።

«ፋኖሷን ትንሽ ወደዚህ ዞር አድርግልኝ፣ እጄ አይታየኝም» አልኩ።

«እንደዚያ ካደረግኋት ፊደሉ አይታየኝም።»

ብዙም አልቆየሁ፣ ቢላው ከድንቹ አልፎ አውራ ጣቴ ላይ አረፈ። ደሙ ተከትፎ የተቀመጠው ድንች ላይ ተንጠባጠበ። ጨርቅ ቀድጄ ጣቴን ሳስር አክስቴ አንገታቸውን አስግገው አዩና፣

«ደም የነካውን እንዳታበስዪው፤ ጣይው» አሉ።

ያ ድንች የመጨረሻው ነበር። ጣልኩት። ያለ ድንችም ቢሆን ልጨርሰው ብዬ ውሃ ጨመርኩ፤ ሽሮውን ነሰነስኩ። በዚያች ቅጽበት እሳቱ ጭስ ብሎ ጠፋ። ሽሮው ለብ ባለው ውሃ ላይ ተንሳፍፎ እብጥ እብጥ እያለ ይጓጉላል፤ እኔ በማማሰያው እደፈጥጠዋለሁ፤ እሱ ያመልጠኛል። እህቴ ማልቀስ ጀመረች።

ያኔ ነው ወንድሜ ገጹን እየገለበጠ፣ እኔን እንኳ ሳያይ፣

«እማዬ ብትሆን ይሄኔ በልተን ነበር» ያለው።

አልጮህኩም። ማማሰያውን አውጥቼ ጉልቻው ላይ አስቀመጥኩ። እህቴን አንስቼ አክስቴ ጭን ላይ አኖርኩ። የሒሳብ ደብተሬን ከመስኮቱ አነሳሁ።

«ወዴት ነው?» አሉ አክስቴ።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ደብተሬን ከቀሚሴ ሥር ሸጉጬ እስከ ዋናው መንገድ በጭቃ ሄድኩ። አባቴ በሱቁ በረንዳ ላይ የነጋዴው ማሾ በሚሰጠው ብርሃን አንድ ኮት ይሰፋ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው መምጣቴን አልሰማም። ፊቱ ስቆም ቀና አለና እግሩን ከመርገጫው ላይ አቆመ።

«እራት ደረሰ?» አለኝ።

እሱም! ያን ጊዜ እንባዬ መጣ።

«እራት የለም አባዬ። ዛሬ እራት የለም። ነገ ፈተና አለኝ።»

ጣቴን አየ። የተጠቀለለው ጨርቅ ቀልቷል። ከቀሚሴ ሥር ያወጣሁትን ደብተርም አየ።

«ቤት ማን አለ?»

«ሁሉም አሉ።»

ቀጥሎ ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ኮቱን አጥፎ አስቀመጠ፤ በመኪናው ላይ ጨርቅ አለበሰ፤ ነጋዴውን «ደህና እደር» ብሎ ወጣ። በጭቃው ከፊቴ እየቀደመ ሄደ። ከኋላው እየተከተልኩ፣ ቤት ስንደርስ ምን ሊል ነው፣ ማንን ሊቆጣ ነው እያልኩ ሳስብ ነበር። አባቴ ማንንም አልተቆጣም። ጫማውን ሳያወልቅ ቀጥ ብሎ ሄደና ከማጀቱ መግቢያ ጎንበስ ብሎ ገባ።

በዕድሜዬ አባቴን እዚያ ቦታ አይቼው አላውቅም። ቁመቱ ረጅም ነው፤ ግንባሩ ከጭስ ማድረቂያው ቆጥ ጋር ተጋጨ። አክስቴ እህቴን ከጭናቸው አውርደው ብድግ አሉ። ቁርጥማታቸው የት እንደሄደ እንጃ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«እራት ልሠራ ነው።»

«አንተ? ይህን ከማይ ሞቴን ያሳየኝ! ልጅቷ እያለች? እኔ እያለሁ?»

«እስካሁንም ነበርሽ እኮ እቴቴ» አለ አባቴ በቀስታ። ያንን ነው ያለው፤ ሌላ አልጨመረም።

አክስቴ ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ወጥተው ሄዱ። ወደ ጎረቤት ነው የሄዱት። የሄዱት ለመጠለል እንዳልሆነ በማግስቱ ገባን።

አባቴ ወንድሜን «ፋኖሷን አምጣ» አለው። ወንድሜ ከምሰሶው አውርዶ ሰጠው። ለእኔ ሊሰጠኝ ነው ብዬ ልቤ ዘለለ፤ እሱ ግን ማጀቱ ውስጥ ሰቀላት። በጨለማ ምን ሊታየው? ስለዚህ ወንድሜ በጨለማ ቀረ።

«አንቺ እዚህ እሳቱ አጠገብ ተቀምጠሽ አንብቢ» አለኝ።

ተቀመጥኩ፤ ደብተሬን ከፈትኩ።

«በርበሬው የቱ ነው?»

አሳየሁት። አንድ መስመር አነበብኩ።

«ስንት ይጨመራል?»

«ትንሽ ነው። ጨምሬበታለሁ እኮ፣ በቃው።»

ሰምቶኝ ይሁን አልሰማኝ እንጃ፤ ጨመረ። ያንኑ መስመር እንደገና አነበብኩ።

«ይኼ የሚንሳፈፈው ምንድን ነው?»

«ሽሮ ነው። ተጓጉሎ ነው። ደፍጥጠው።»

«እንዴት?»

እሳቱን እፍ ሲል አመዱ ድስቱ ላይ፣ ሽሮው ላይ፣ ደብተሬ ላይ ተበተነ። እንጨቱን በጉልበት እየሰበረ ከመረበት፤ እሳቱም ከዚያ ቀን በፊት አይቼው በማላውቅ ኃይል ነደደ። ድርቆሹን ከስልቻው ዘግኖ፣ ሳይሰብረው፣ እንደ ቅርፊት ጨመረው። «ሰባብረው አባዬ» ስል አልፏል። ጨው ጨመረ። ቆየት ብሎ ረሳሁት መሰለኝ ብሎ እንደገና ጨመረ። እኔ ያን ምሽት ከዚያች አንድ መስመር አላለፍኩም።

አቀረበው። ታቹ ከሰል፣ ላዩ ደረቅ፣ መሀሉ ጨው ነበር። ከበን ተቀመጥን። አባቴ አንድ ጊዜ ጎረሰና ማኘኩን ትንሽ ገታ አድርጎ ዋጠ። እህቴ ርቧት ስለነበር በላች። ወንድሜ ግን፣ የእኔን ፍርፍር አንድ ቀን እንኳ አመስግኖ የማያውቀው ወንድሜ፣ በእጁ ሙሉ ጠቅልሎ ጎረሰና፣

«የአባዬ እጅ ይጣፍጣል!» አለ።

ያንን ጉርሻ እስከ ዛሬ አልረሳውም። አባቴ ስለ እኔ ማጀት ገባ፤ ማመስገን ነበረብኝ፤ ሰውም ይህን ስነግረው «እንዴት ያለ አባት ነው!» ይለኛል። ለእኔ ግን ያን ሰዓት ምስጋና አልመጣልኝም። ሁለት ወር ሙሉ ያቃጠለኝን እሳት እሱ አንድ ማታ ስለነካው ጀግና ሆነ። እኔ የነካሁት ቀን ሁሉ የት ገባ? እያልኩ ጨዋማውን ፍርፍር ከንዴቴ ጋር ዋጥኩት።

በማግስቱ ተፈተንኩ። ጣቴ ስለተጠቀለለ እርሳሱን በሌሎቹ ጣቶቼ ቆንጥጬ ነው የጻፍኩት። ከፊቴ ሁለት ወንበር አልፎ የተቀመጠው ወንድሜ ሲጽፍ ሲጽፍ አየዋለሁ። ላጠናው ፈልጌ ያላጠናሁት ጥያቄ መጣ። አውቄዋለሁ ብዬ እጀምራለሁ፤ መሀሉ ላይ ስደርስ የአባቴ «ስንት ይጨመራል?» ጆሮዬ ላይ ይጮሃል።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ጋ ስሄድ ወሬው ቀድሞኝ በረንዳው ላይ ደርሶ ነበር። አክስቴ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለውሃ ቀጂዎች፣ እነሱ ለባሎቻቸው። አንድ የሚታወቅ ደንበኛ ሱሪ ይዞ መጥቶ፣

«ዛሬ ወጡ ምንድን ነው? ወይስ የምትሰፋው ሽርጥ ነው?» አለው። በዙሪያው የተጠለሉት ሰዎች ሳቁ።

አባቴ ጎንበስ አለ። መኪናውን ረገጠ፤ መርፌው ሲሮጥ ድምፁ ሳቁን ዋጠው። ጆሮው ግን እስከ ጫፉ ቀልቶ ነበር። እኔ ዘወር ብዬ ሄድኩ።

ያን ዕለት ምሽት ቤት ገብቶ እግሩን ሲታጠብ ቆየ። ከዚያ ፊቴን ሳያይ፣

«ልጄ፣ ዛሬ ያንቺን ሥሪልን» አለኝ።

ሠራሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? አባቴ ከዚያ ወዲያ ማጀት አልገባም። አንድ ነገር ግን አደረገ። ወንድሜን ጠርቶ እንጨቱን በየቀኑ ፈልጠህ ውስጥ አስገባ፣ ፋኖሷም መሀል ቤት ትሰቀል አለው። ወንድሜ እያጉረመረመ እንጨቱን ማጀቱ በር ላይ ወርውሮ ይመለስ ነበር። ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ማለፍ ግን ሞቱ ነው። አክስቴ ቅዳሜ በገበያተኞች መሀል ሆነው ወደ ግምጃ ቤት ተመለሱ። ሲሰናበቱኝ «አባትሽን አዋረድሽው» አሉኝ፤ ጉንጬን ሳሙኝ።

አያቴ ሐምሌ ላይ አረፉ። እናቴ ጥቁር ለብሳ፣ ከስታ፣ ድምፅዋ ጠፍቶ ተመለሰች። ቀኑን ሙሉ ትተኛለች። ለቅሶ ደራሹ ይመጣል፤ የሚያበስለውም እኔ ነኝ። ትንሽ ሻል ሲላት ያን የረቡዕ ምሽት ነገርኳት። ትስቅ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ሰው ሁሉ ስለሚስቅበት። እሷ አልሳቀችም። ጣቴን ይዛ ጠባሳውን አገላበጠችና በአገውኛ ለራሷ አንድ ነገር ተናገረች። እናቴ ስትናደድ አማርኛው አይበቃትም። «ምን አልሽ?» ብላት አልነገረችኝም።

ውጤቱ ጳጉሜን ላይ መጣ። ሁለታችንም አልፈናል። ወንድሜ ወደ ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ እንዲሄድ በዚያው ሰዓት ተወሰነ፤ ማንም «ይሂድ ወይ?» ብሎ የጠየቀ የለም። የእኔ ነገር ሲነሳ አባቴ ጢሙን እያሻሸ፣

«እናትሽ ደክማለች። ቤቱን ማን ይይዘዋል? የከርሞ ሰው ይበለን» አለ።

ዓመቱን ሙሉ ቤት ቀረሁ። የችኮላዋን ፍርፍር ያን ዓመት ተካንኩባት። ድንቹ አይጠነክርም፣ ሽሮው አይጓጉልም፤ አባቴ እግሩን ታጥቦ ሳይጨርስ ትደርሳለች። «አሁን የእናትሽን ሆነች» ሲሉኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ ሳህኑን ሰብስቤ ወደ ማጀት እመለስ ነበር። ወንድሜ ለበዓል ሲመጣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ኳሱ፣ ስለ አስተማሪዎቹ ያወራል፤ እኔ ወጥ እጨምርለታለሁ።

በሚቀጥለው ክረምት ሴቶችንም የሚቀበል አዳሪ የመምህራን ማሰልጠኛ መኖሩን ከድሮ አስተማሪዬ ሰማሁ። ለአባቴ ስነግረው እንደገና ጢሙን ማሻሸት ጀመረ። «ታዲያ ቤቱን ማን...» ብሎ ሳይጨርስ እናቴ ከምድጃው አጠገብ ተነሳች። ሕመሟ ከለቀቃት ቆይቷል፤ ድምፅዋም ተመልሶ ነበር።

«ወንዱን ስትልክ፣ እዚያ ማን ያበስልለታል ብለህ ጠየቅህ። አልጠየቅህም?»

«ጠይቄያለሁ።»

«እሷ ስትሄድ ደግሞ፣ እዚህ ማን ያበስልልናል ትላለህ። እሷ እዚያ ስለምትበላው አንድም ሰው ይጠይቃል?»

አባቴ ጢሙን ለቀቀው። እናቴ እንደቆመች ናት፤ አልተቀመጠችም። በመጨረሻ አባቴ «ለቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ከሱቅ አመጣላታለሁ» አለ። የአባቴ እሺታ እንዲህ ነበር።

በጭነት መኪና ላይ ሆኜ ሄድኩ። ማሰልጠኛው በደረስኩበት ምሽት ደወል ተደወለ፤ ልጃገረዶቹን ተከትዬ ረጅም ጠረጴዛ ወደተዘረጋበት አዳራሽ ገባሁ። አንድ ሰውዬ ከትልቅ በርሜል ውስጥ ውሃ የበዛበት ሽሮ በጭልፋ እየጨለፈ ያድላል። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አንዴ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደችና፣

«ይኼ ይበላል? በእመቤቴ፣ እኛ ቤት ውሻም አይበላው» አለች።

ጨው የለውም። ቁሌቱ በቅጡ አልበሰለም። እኔ ግን ሳህኔን ጠርጌ ጨረስኩና ተነስቼ ወደ በርሜሉ ሄድኩ።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አለኝ ሰውዬው።

«ጨምርልኝ» አልኩት።